መርዶ ያልተነገረለት ሰው

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1916 ዓመት፥ በኢትዮጵያ ቍጥር ሚያዝያ 15 ቀን 1908፥ የትንሣኤ በዓል በምሥራቁም በምዕራቡም ቤተ ክርስቲያን በአንድ ዕለት ውሎ ነበር። አውሮፓ በጦርነት እሳት ትነድ ነበር፤ በፈረንሳይ አገር በቬርደን የሁለቱ ወገን ወታደር ከየካቲት ወር ጀምሮ እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር። ከጦርነቱ ርቃ በተቀመጠችው በእስፓኝ ግን፥ በባርሴሎና ከተማ፥ የበሬ ውጊያ በሚታይበት በትልቁ አደባባይ ሕዝብ ተሰብስቦ ሁለት ሰዎች በቡጢ ሲጋጠሙ ለማየት ይጠባበቅ ነበር። በየግድግዳው የተለጠፈው ማስታወቂያ የተጋጣሚዎቹን ክብደት ይናገራል፤ ጥቁሩ 110 ኪሎ፥ ነጩ 105 ኪሎ፤ ለአሸናፊው የሚሰጠውም 50,000 ፔሴታ ነው ይላል። ጥቁሩ ጃክ ጆንሰን፥ ነጩ አርተር ክራቫን ነበር። ከዚህ በታች የሚነገሩት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች ቍጥር ናቸው።

ጃክ ጆንሰን በ1878 በአሜሪካ በቴክሳስ ክፍል በጋልቬስተን ከተማ፥ ከባርነት ነፃ ከወጡ አባትና እናት ተወለደ። በ1908 በአውስትራልያ በሲድኒ ከተማ ቶሚ በርንስን አሸንፎ፥ ከጥቁር ሕዝብ ወገን የመጀመሪያው የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ። ነጮች ይህን መታገሥ አልቻሉምና ቡጢውን ትቶ ዐርፎ የተቀመጠውን የቀድሞውን ሻምፒዮን ጄፍሪስን ከዕረፍቱ አስነሡት፤ ጆንሰን ግን በ1910 በሬኖ ከተማ እርሱንም ጣለው። የድሉ ወሬ በተሰማበት ማታ በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ነጮች ጥቁሮችን እያሳደዱ ደበደቡ፥ ሰውም ገደሉ። በመድረክ ሊጥሉት ያልቻሉትን ሰው በ1913 በፍርድ ቤት ጣሉት። ነጭ ሴት ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ግዛት ለነውር ሥራ ወስደሃል ተብሎ የአንድ ዓመት ከአንድ ቀን እስራት ተፈረደበት፤ እርሱም አገሩን ጥሎ ሸሸ። በ1915 በሃቫና ከተማ በ26ኛው ዙር በጄስ ዊላርድ ተሸንፎ ክብሩን አጣ። እንግዲህ ወደ ባርሴሎናው አደባባይ የገባው ዘውዱም አገሩም የተወሰደበት ስደተኛ ሆኖ ነው። በኋላ በ1920 ወደ አገሩ ተመልሶ እስራቱን ፈጸመ፤ በ1946 በመኪና አደጋ ሞተ። የአሜሪካ መንግሥት ምሕረት ያደረገለት በ2018 ነው፤ ይኸውም ከሞተ ከ72 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

በፊቱ የቆመው ነጭ ሰውዬ ስደቱን ራሱ የመረጠ ነበር። እውነተኛ ስሙ ፋቢያን ሎይድ ነው፤ በ1887 በስዊስ አገር በሎዛን ከተማ ከእንግሊዞች ቤተ ሰብ ተወለደ። የአባቱ እኅት የታወቀው ደራሲ የኦስካር ዋይልድ ሚስት ነበረች። ዋይልድ በ1895 በነውር ተከሶ ከታሰረ በኋላ ቤተ ሰቡ በስሙ ያፍር ነበርና፥ ሌላው ሁሉ የሚሸሽገውን ይህን ዝምድና ፋቢያን ሲያድግ እንደ ኒሻን በደረቱ ላይ ለጠፈው። ቁመቱ ወደ 2 ሜትር የሚጠጋ፥ መልኩ ያማረ ጐልማሳ ነበር። በፓሪስ ተቀምጦ ቡጢ ተማረ፤ በ1910 በፈረንሳይ ለገንዘብ በማይጋጠሙት ዘንድ የቀላል ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ተባለ። ይህን ማዕርግ ግን ያገኘው ተጋጣሚዎቹ ስለ ቀሩ እንጂ አንድም ሰው መትቶ ስለ ጣለ አልነበረም። ነገሩ ያስቃል፤ ሆኖም የሰውዬው ኑሮ ሁሉ ከዚህ የተለየ አልነበረም። ስለ ራሱ ሲናገር መርከበኛ፥ በቅሎ ነጂ፥ በካሊፎርንያ ብርቱካን ለቃሚ፥ እባብ አጫዋች፥ የሆቴል ሌባ ነበርሁ ይል ነበርና፥ ከዚህ ውስጥ የቱ እውነት የቱ ፈጠራ እንደ ሆነ ለመለየት የታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ደክመዋል።

ያ ዘመን በፓሪስ የሥዕል ሥራ ከሥሩ የተናወጠበት ጊዜ ነበር። ሠዓሊዎቹ የሰውን ፊት በማዕዘን ይሰባብሩታል፤ ባለ ቅኔዎቹ ቤት መምታትን ይንቃሉ፤ ሁሉም አዲስ ነገር አመጣሁ ይላል። ክራቫን ከነርሱ መካከል ሆኖ በነርሱ ላይ ተነሣ። ከ1912 እስከ 1915 ድረስ «አሁን» የምትባል ትንሽ መጽሔት አምስት ጊዜ አሳተመ፤ ጽሑፉን በልዩ ልዩ የውሸት ስም ራሱ ይጽፋል፥ መጽሔቱንም በእጅ ጋሪ እየገፋ ራሱ ይሸጣል። በ1914 በተደረገው የሠዓሊዎች ትርኢት ላይ የጻፈው ትችት ስድብ ነበር። ማሪ ሎራንሳን የምትባለውን ሠዓሊት በነውረኛ ቃል ስለ ነካት፥ ወዳጅዋ ባለ ቅኔው አፖሊኔር ክብርዋን ሊያስመልስ ሽማግሌ ልኮ በመሣሪያ እንጋጠም አለው። ክራቫን ይቅርታ የሚመስል ሌላ ስድብ ጻፈ። ሰው ሴትን ሰድቦ በጥበብ ስም ሊሸሸግ መሞከሩ አያስመሰግነውም፤ ብዙዎቹ ወዳጆቹ ይህን እንደ ድፍረት ቈጥረውለታል፥ ግን ድፍረት አይደለም።

ከመጽሔቱ ሁሉ ለዚህ ታሪክ የሚጠቅመው ግን በ1913 የወጣው አንድ ጽሑፍ ነው። ኦስካር ዋይልድ በ1900 በፓሪስ ሞቶ ተቀብሯል። ክራቫን ግን ዋይልድ አልሞተም፥ በሌሊት ቤቴ መጥቶ አነጋገረኝ ብሎ ጻፈ። ስለ መልኩ፥ ስለ ክብደቱ፥ አብረው ስለ ጠጡት መጠጥ ሁሉ በዝርዝር ተረከ። ወሬው ባሕር ተሻግሮ በኒው ዮርክ ጋዜጣ ላይ ታተመ፤ ሞቱን በዓይናቸው ያዩ ሰዎችም ቃላቸውን እንዲሰጡ ተጠየቁ። በሙት ላይ እንዲህ የቀለደው ሰው ከአምስት ዓመት በኋላ በራሱ ምን እንደሚደርስ አላወቀም።

ጦርነቱ በተነሣ ጊዜ ክራቫን ለማንም መንግሥት ወታደር ላለመሆን ከአገር ወደ አገር ሸሸ፤ በመጨረሻም ባርሴሎና ደረሰ። ከጆንሰን ጋራ የተጋጠመው ገንዘብ ፈልጎ ነው፤ ገንዘቡም ወደ አሜሪካ የሚያሻግረው የመርከብ ዋጋ ነበር። ጆንሰንም ገንዘብ ቸግሮት ነበር። ስለዚህ በዚያ የፋሲካ ዕለት የተደረገውን ነገር ውጊያ ለማለት ያስቸግራል። ጆንሰን እንዳሻው ሲያጫውተው ቆይቶ በስድስተኛው ዙር መትቶ ጣለው። ሕዝቡ ተታለልን ብሎ ተቈጣ። ቢሆንም ክራቫን በዓለም ላይ ከነበሩት ቦክሰኞች ሁሉ በሚበልጠው ሰው ፊት መቆሙና መሬት መውደቁ እውነት ነው። በኑሮው ውስጥ በወረቀትና በምላስ ካልተሠሩት ጥቂት ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ ምስክሩም በሺህ የሚቈጠር ተመልካች ነበር።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ሞንሴራት በምትባል መርከብ ከባርሴሎና ተነሥቶ በጥር 1917 ኒው ዮርክ ገባ። በመርከቢቱ ላይ ከአውሮፓ የተባረረው ሩስያዊ ትሮትስኪ ነበረ፤ እርሱም በኋላ የሕይወቱን ታሪክ ሲጽፍ ከተሳፋሪዎቹ መካከል ጦርነቱን ሸሽቶ የሚሄደውን ይህን ቦክሰኛ አስታውሶታል። አንዱ በዚያው ዓመት መንግሥት ሊገለብጥ፥ ሁለተኛው በአንድ የጥበብ ጉባኤ ላይ ልብሱን ሊያወልቅ አንድ መርከብ አሻገራቸው።

የጉባኤው ነገር እንዲህ ነው። በሚያዝያ 1917 በኒው ዮርክ ነፃ ሠዓሊዎች የተባሉ ማኅበርተኞች ያለ ዳኛ ማንም ሥራውን የሚያሳይበት ታላቅ ትርኢት ከፈቱ። ፈረንሳዊው ማርሴል ዱሻን በሌላ ሰው ስም ከሽንት ቤት የተወሰደ የሸክላ ዕቃ ለትርኢቱ ላከ፤ ማንንም አንከለክልም ያሉትም ሰዎች ይህን ከለከሉ። ዛሬ በየአገሩ የጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪው ሁሉ የሚማረው ክርክር ከዚያ ተነሣ። ዱሻንና ጓደኛው ፒካቢያ ክራቫንን በዚያው ትርኢት ላይ ንግግር እንዲያደርግ ጋበዙት። ሴቶችና ወንዶች፥ የከተማው ባለጸጎች፥ በክብር ለብሰው ተቀምጠው ሲጠብቁ፥ ተናጋሪው ሰክሮ መጣ፤ ከመድረኩ ላይም ቆሞ ልብሱን ማውለቅ ጀመረ። ፖሊሶች ይዘውት ወጡ፤ አሬንስበርግ የሚባል ባለጸጋ ዋስ ሆኖ አስፈታው። ጓደኞቹ ግሩም ንግግር ነበር እያሉ ሳቁ።

በዚያች የጸደይ ወቅት ነው ሚና ሎይን ያገኛት። ሚና በ1882 በሎንዶን ተወለደች፤ አባትዋ ከሀንጋርያ የመጣ አይሁዳዊ ልብስ ሰፊ፥ እናትዋ እንግሊዛዊት ክርስቲያን ነበሩ። ሥዕል ተምራ በ1903 ሠዓሊውን ስቲፈን ሄወይስን አገባች፤ የመጀመሪያ ልጅዋ ዓመት ሲሞላት ሞተችባት፤ ከዚያም ሁለት ልጆች ወለደች። በኢጣልያ በፍሎረንስ ተቀምጣ ሳለች ፍጥነትንና መኪናን፥ ጦርነትንም የሚያመሰግኑትን ፉቱሪስቶች ዐወቀች፤ አለቃቸውን ማሪኔቲንና ጸሐፊውን ፓፒኒን በቅርብ ስላወቀቻቸው ሴትን እንዴት እንደሚንቁ ለማየት በቃች፥ በጽሑፍም መለሰችላቸው። በ1916 ልጆችዋን በፍሎረንስ ትታ ኒው ዮርክ መጣች፤ ከባልዋም በ1917 ተፋታች። ዕድሜዋ 34 ነበር፤ ክራቫን 29። ሰዎች የሚስቁለት ቀልዱ እርስዋን በመጀመሪያ አላሳቃትም። ቆይታ ግን ከጩኸቱ በታች ፈሪና ኀዘንተኛ ልብ እንዳለው አየች። እርሱም፥ ምንም ነገር አጥብቆ የማይዘው ሰው፥ እርስዋን አጥብቆ ያዘ።

አሜሪካ ጦርነት ስለ ገባች ክራቫን እንደ ገና ሸሸ፤ በ1917 መጨረሻ መጀመሪያ ወደ ካናዳ፥ ከዚያም ወደ ሜክሲኮ ወረደ። ከዚያ ለሚና የጻፋቸው ደብዳቤዎች ተጠብቀው ኖረዋል። በነርሱ ውስጥ ተሳዳቢው የመጽሔት ጸሐፊ የለም፤ ነይ፥ ካልመጣሽ አብዳለሁ፥ እሞታለሁ እያለ የሚለምን ሰው ብቻ ነው ያለው። በጥር 1918 ወደ እርሱ ሄደች፤ በዚያው ዓመት በሜክሲኮ ከተማ ተጋቡ። እርሱ ቡጢ እያስተማረ ኖሩ። ኑሮው ክፉ ነበር፤ ተራቡ፥ ታመሙ። በመስከረም አንድ የቡጢ ግጥሚያ ገጠመ፥ ተሸነፈም። ሚና ፀንሳ ነበር።

ከዚያ ወደ አርጀንቲና፥ ወደ ቡዌኖስ አይሬስ ለመሻገር ቈረጡ። ለሁለት ሰው የሚበቃ የመርከብ ዋጋ አልነበራቸውም። ሳሊና ክሩዝ በሜክሲኮ ደቡብ በሰላማዊ ውቅያኖስ ዳር ያለች ወደብ ናት፤ ክራቫን በኅዳር 1918 ገደማ ከዚያች ወደብ በትንሽ ጀልባ ወደ ባሕር ወጣ። ስለዚያች ቀን የሚነገረው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወገን ሚና ቀድማ በመርከብ ሄዳ ነበር፥ እርሱም በጀልባው ሊከተላት ተነሣ ይላል። ሌላው ወገን ግን ጀልባውን ሊሞክር ሲወጣ እርስዋ ከባሕሩ ዳር ቆማ ሸራው እስኪሰወር ድረስ ታየው ነበር ይላል። በሁለቱም ወገን ቃል ፍጻሜው አንድ ነው፤ ክራቫን ከዚያ ወዲያ አልታየም፥ ሬሳውም አልተገኘም። ዕድሜው 31 ዓመት ነበር።

ባል የሞተባት ሴት ኀዘንዋ ከባድ ቢሆንም መንገዱ የታወቀ ነው፤ ታለቅሳለች፥ ትቀብራለች፥ እርምዋን ታወጣለች። በሩቅ አገር ለሞተ ሰው ልብሱንና ጋሻውን በለቅሶ አደባባይ ማውጣት የተለመደው፥ ለቅሶ የሚይዘው ነገር ስለሚሻ ነው። ሚና ሎይ ግን የምትይዘው ነገር አልነበራትም፤ መርዶ ነጋሪም አልመጣላትም። በቡዌኖስ አይሬስ ጠበቀችው። ቀርታ ወደ እንግሊዝ ተመለሰች፤ በሚያዝያ 1919 ሴት ልጅ ወለደች፥ ልጂቱንም በአባትዋ ስም ፋቢየን አለቻት። ከዚያም በኋላ ምናልባት በአንድ እስር ቤት ተይዞ ይሆናል በማለት ወሬውን ማጠያየቅዋን አልተወችም።

ይህ ክፍት ቦታ ነው የልብ ወለድ ጸሐፊዎችን የጠራቸው። ገና በ1920ዎቹ ዓመታት አንድ ሰው የኦስካር ዋይልድን የእጅ ጽሑፍ አስመስሎ እየጻፈ ይሸጥ ነበርና፥ ይህ ሰው ከሞት የተመለሰ ክራቫን ነው የሚሉ ተነሡ። በሜክሲኮ ተሸሽጎ ልብ ወለድ ይጽፍ የነበረውን ቢ ትራቨንን ክራቫን ነው ያሉም ነበሩ። በ1999 የአየርላንድ ተወላጅ የሆነችው አንቶንያ ሎግ፥ ጆንሰንና ሚና በእርጅናቸው በደብዳቤ ስለ ክራቫን እየተጨዋወቱ የሚያሳይ ልብ ወለድ አወጣች። በ2002 በእስፓኝ ፊልም፥ በ2005 በአሜሪካ በሥዕል የተተረከ መጽሐፍ ወጣ። ቡጢ፥ ሥዕልና ፍቅር በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ደራሲ ዝም ብሎ ማለፍ እንዳልቻለ ግልጥ ነው።

ከነዚህ ድርሰቶች መካከል ግን ልዩነት አለ፤ ልዩነቱም የብዕር ብቻ አይደለም። ሁለቱን ሐዘንተኞች፥ የመታውን ሰውና ያገባችውን ሴት፥ አቀራርቦ የሚያነጋግር ልብ ወለድ፥ ያልተደረገ ነገር ቢተርክም በማንም ላይ አልመሰከረም። ክራቫን ሌላ ስም ይዞ ኖረ የሚለው ግምት ግን እንዲህ አይደለም። ሰሚውን ደስ ያሰኘዋል፤ ብልጡ ሰው ሞትንም አታለለ ያሰኛል፥ ከሰውዬው ጠባይም ጋራ ይስማማል። ሆኖም ይህ ግምት እውነት ቢሆን ክራቫን ፀንሳ በባዕድ አገር የምትጠብቀውን ሚስቱን፥ እየለመነ ያስመጣትን ሴት፥ በረኃብ ትቶ የሸሸ፥ የልጁንም ፊት ሳያይ በሌላ ስም መጽሐፍ እየጻፈ የኖረ ሰው መሆኑ ነው። አድናቂዎቹ ሕይወቱን ለማስረዘም ሲሉ ያለውን አንድ በጎ ነገር ይወስዱበታል። ማስረጃ ሳይኖር ይህን በሙት ላይ መፍረድ አይገባም። ትንሽ ጀልባና ትልቅ ባሕር ለነገሩ በቂ ምክንያት ናቸው። ሙቱን ዋይልድን ሕያው ያደረገው ጽሑፍ ለሌሎች መንገድ ማሳየቱ ግን አይካድም፤ በክራቫን ላይ የሚነገረው ተረት ክራቫን ራሱ በ1913 የጀመረው ቀልድ ነው።

ሚና ከዚህ ሁሉ ወሬ ይልቅ ሥራ ነበራት። በ1923 የመጀመሪያው የግጥም መጽሐፍዋ ታተመ፤ ወንድ ልጅዋንም በዚያው ዓመት ሞት ወሰደባት። ከ1926 ጀምሮ በፓሪስ የመብራት መጋረጃ እየሠራች በሱቅ ትሸጥ ነበር። በ1936 ወደ ኒው ዮርክ ተመልሳ ቤት የሌላቸው ሰዎች በሚያድሩበት ሠፈር ተቀመጠች፤ ከመንገድ የወዳደቀውን ጨርቅና ቆርቆሮ እየለቀመች የነዚያን ድኆች መልክ በሰሌዳ ላይ ሠራች። በ1959 እነዚህ ሥራዎች ለሕዝብ ሲታዩ፥ ከአርባ ዓመት በፊት በክራቫን ስካር የሳቀው ዱሻን ከረዱዋት ሰዎች አንዱ ነበረ። ከክራቫን በኋላ ሌላ ባል አላገባችም። ስለ እርሱም መጽሐፍ ጀምራ ሳትጨርሰው ቀረች።

በ1929 አንድ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት ለታወቁ ጸሐፊዎችና ሠዓሊዎች የጥያቄ ወረቀት ልኮ ነበር። በዘመንሽ ሁሉ ደስ ያለሽ ጊዜ የቱ ነው ለሚለው ጥያቄ፥ ከአርተር ክራቫን ጋራ ያሳለፍሁት እያንዳንዱ ደቂቃ ነው ብላ መለሰች። ያዘንሽበትስ ሲሏት፥ የቀረው ጊዜ ነው አለች። ከዚህ መልስ በኋላ 37 ዓመት ኖራ፥ በ1966 በኮሎራዶ በአስፐን ከተማ በ83 ዓመትዋ ሞተች።